ለእንግዳ የተቀመጠ ብርቱካን

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ቶለሳ ዛሬ መጣ። ወንድሜ አይሱዙ እየነዳ አገር ላገር የሚዞር ሰው ነው፤ ድሮ በዓመት በዓል ብቅ ካለ ተመስገን ነበር። አባባ ከተኛ ወዲህ ግን መንገዱ ሁሉ በሰፈራችን በቀጨኔ ሆኗል። ሦስት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባና «ለአባባ ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ በስመአብ ብዬ ቁጭ አልኩ። ድሮ እኮ ሕመምተኛ ጥየቃ ሲኬድ ሰው በኪሎ በኪሎ ይዞት የሚሄደው ነገር ነበር። አሁን ሦስት ፍሬ እጃችን ላይ ያየ ጎረቤት ሎተሪ የደረሰን ይመስለዋል።

አባባ ግን ብርቱካን አይስማማውም። ጨጓራ አለበት። ከፋሲካ ወዲህ ኮምጣጣ ነገር አፉ እንዳይገባ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቡፌው ውስጥ፣ ከእማማ ብርጭቆዎች ጀርባ ደረደርኳቸውና ቆለፍኩ። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ለእንግዳ ይሆናሉ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት እንግዳ አያጣም፤ ሰው በባዶ ሰሃን ሲቀበሉት ምን ይላል?

እግሩ ዛሬም አብጧል። ብርዱ ነው። ይሄ ክረምት ይለፍ እንጂ ይሻለዋል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ እትዬ ደብሪቱ አባባ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ ስወጣ እሳቸው ይጠብቁታል። ጓዳው ስለሚያፈስ አልጋውን ሳሎን፣ ከቡፌው ትይዩ አድርገንለታል።

«ሙሉ፣ ብርቱካን ይሸተኛል» አለኝ አባባ፣ ነጠላዬን እንኳን ሳላወርድ።

«ብርቱካን ከየት ይመጣል አባባ?»

«እኔ እንጃ። ይሸተኛል።»

እትዬ ደብሪቱ ፊታቸው ልውጥ አለ። ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ጎተቱኝና «እናትሽ ቦሰና ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሞተ ሰው ልውሰድ ብሎ ሲመጣ ሽታው ይቀድመዋል። እናቴም እንደዚህ ሆና ነው የሄደችው።»

እማማ ያረፈችው አምና ኅዳር ነው። ከአባባ ጋር የተገናኙት አዋሽ ዳር፣ ብርቱካን እርሻ ላይ ነበር። እሱ ዛፍ ይገርዛል፣ እሷ ፍሬ ትመርጣለች። አዲስ አበባ ገብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታ እንኳን እጇ ልጣጭ ልጣጭ ይሸተኝ ነበር። እትዬ ደብሪቱን ሳቅኩባቸው። ሦስቱ ብርቱካን እዚያው ቡፌ ውስጥ ናቸው ብላቸው ያበቃ ነበር። አላልኩም። እሳቸው ካወቁ እስከ ነገ ቀጨኔ በሙሉ ያውቃል።

ደግሞ በመስታወት ተዘግቶ ምን ይሸታል? እኔ አልሸተተኝም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ቢሮ ሆኜ በጥድፊያ። ሪፖርቱ አላለቀም። «የአገሪቱ የብርቱካን፣ የመንደሪንና የሎሚ አቅርቦት፣ ለሕዝቡ አመጋገብ ያለው ድርሻ»። ርዕሱ ከዛፎቹ ይረዝማል። መስመሩ ቁልቁል ነው። ዛፎቹ አርጅተዋል፣ በሽታ ገብቷቸዋል፣ አንዳንድ ቦታ ተነቅለው ሸንኮራ ተተክሎባቸዋል። ያለው ተደምሮ ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ልጣጭ ለማሽተት ያህል ነው።

የክፍል ኃላፊዬ አቶ ዘርዓብሩክ በስብሰባው መሃል መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ሕዝቡ በቫይታሚን ሲ እጥረት አያልቅም ወይ?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የምግብ ባለሙያዋ እኔ ነኛ።

«አያልቅም» አልኩ። «ከቃሪያው፣ ከጎመኑ፣ ከቲማቲሙ፣ ከድንቹ ያገኘዋል። የኛ አገር ብርቱካን ቃሪያ ነው።»

«ጎበዝ! ይቺን አስገቢያት» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማታ ለአባባ ዳቦ በሻይ ነክሬ አጎረስኩት። ድዴን ያመኛል ይላል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

የአቶ ዘርዓብሩክ እናት ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝተዋል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ ሲሄድ እኔ እጄን አወዛውዤ ልግባ? አንዱን ብርቱካን በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ክፍሉ ሙዝና የታሸገ ጁስ ሞልቶታል። ወረቀቱን ስፈታው «ብርቱካን! ከየት አገኘሽው?» ብለው ተንጫጩ። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ይዘው አሸተቱት፣ ከዚያ ትራሳቸው ስር ከተቱት። አቶ ዘርዓብሩክ እስከ ታክሲ ሸኙኝ።

ቤት ስገባ አባባ ዓይኑን ጨፍኗል። የተኛ መስሎኝ በእግሬ ጣት ሳልፍ «አንዷ ሄደች» አለኝ።

«ማን ናት የሄደችው?»

ሲቃዥ ነው። ቡፌውን አየሁት፤ ተቆልፏል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

አባባ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳ አለው። እኔ ሳልወለድ፣ እርሻው ላይ ዛፍ ሲገርዝ መጋዝ አምልጦት የተቆረጠው ነው። ልጅ ሆነን በጣታችን እየተከተልን «ይሄ ምንድነው?» ስንለው «ይሄ አዋሽ ነው፣ ይሄ ድልድዩ ነው» ይለን ነበር። ዛሬ ጠዋት እግሩን ላጥበው ብርድ ልብሱን ስገልጥ አዋሽ ተከፍቷል። ከጫፍ እስከ ጫፍ። አልወደቀም፣ አልተመታም፣ ማንም አልነካውም። ልክ ትናንት የተቆረጠ ይመስላል፣ ጠርዙ እርጥብ ነው።

«አባባ፣ ምን ነካህ?»

«መጋዙ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «አልሰማሽም እንዴ? ሲቆርጡ ነው የከረሙት።»

እትዬ ደብሪቱ አይተው አማተቡ። በአዮዲን አጥቤ በፋሻ ጠመጠምኩት። ያረጀ ቁስል እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል?

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ቢሮ። ከእርሻዎቹ የዘንድሮውን ምርት በስልክ እየጠየቅኩ ነው። አባባ ይሠራበት የነበረው ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ ሳቀብኝ። «የምን ምርት? ዛፍ እኮ የለም እህቴ። የመጨረሻውን ረድፍ ሰኔ ላይ ነቅለን ጨረስን።»

አባባ አልጋ የያዘው ሰኔ ላይ ነው።

ስልኩን ዘግቼ በእርሻው አንጻር ዜሮ ሞላሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የምግብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱለት። ጸበል ረጩት፣ ግንባሩን በመስቀል ዳሰሱት። እኔ ጓዳ ሆኜ ምን ላቅርብ እላለሁ። ሻይ ብቻ? ለንስሐ አባት? ቡፌውን ከፈትኩ። ሁለተኛውን ብርቱካን በእማማ ሰሃን፣ ከቢላ ጋር አቀረብኩላቸው።

ሲልጡት ሽታው ቤቱን ሞላው። አባባ ከሰሞኑ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ነበር፤ አሁን ከትራሱ ቀና አለ። ዓይኑ ከሳቸው እጅ አልተነቀለም። እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያያል።

«ለእሳቸውስ?» አሉኝ።

«አይስማማውም አባታችን። ጨጓራውን ያቃጥለዋል።»

«እንደሱ ከሆነ...» አሉና በሉ። የቀረውን ለመንገድ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። ሲወጡ በሩ ላይ «ቤትሽ ይባረክ» አሉኝ።

አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለሱ ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ለሱ ብዬ ነው።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ጾሙ ገባ። ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፣ የውጪው በር ከቤቱ አይታይም።

ልብሱን ስቀይርለት ጭኑ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ምልክቶች አየሁ። አራት ባንድ ወገን፣ አንድ በሌላ ወገን። እትዬ ደብሪቱ የራሳቸውን እጅ በላዩ ሳይነኩት ዘረጉበት። ተስማማ።

«ጣት ነው» አሉኝ። «የያዘችው ቦታ ነው።»

«እትዬ፣ እባክዎን!»

«እሺ አንቺው ንገሪኝ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ምን ልበላቸው? ደም ነው፣ እርጅና ነው አልኩ። ተቆጥቼ ብርድ ልብሱን መለስኩበት። ሲመሽ አባባ ወደ ቡፌው አቅጣጫ እጁን ዘርግቶ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላል። በኦሮምኛ «ነይ» ማለቱ ነው። ከእማማ ጋር ሁለታቸው ብቻ ሲሆኑ የሚያወሩት እንደዚያ ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ጥርሱ ዳቦው ውስጥ ቀረ። አላመመውም። ነክሶ አወጣው፣ ዳቦው ላይ ተሰክቶ ቀረ፣ በቃ። ደም ትራሱ ላይ።

ዛሬ እኔንም ሸተተኝ። በደንብ። ጣፋጭ፣ ከበድ ያለ፣ ትንሽ የአፈር ሽታ ያለበት። መብራት የለም፣ ሻማ ይዤ መሃል ሳሎን ቆምኩ። «እማዬ?» አልኩ። አፍሬ ሻማውን አጠፋሁ።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ የሪፖርቱ ረቂቅም ነገ ይፈለጋል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ቶለሳ ከመንገድ ገባ። አባባን ሲያየው የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ወደ ውጪ ወስዶኝ ዝናብ ላይ አፋጠጠኝ።

«ስትደውዪ ደህና ነው ትይኛለሽ። ይሄ ነው ደህና? ሰውዬው አልቋል እኮ!»

«እርጅና ነው።»

«በአንድ ክረምት ነው የሚያረጁት? ብርቱካኖቹንስ በላ?»

«በላ» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ከአፌ ወጣ። እትዬ ደብሪቱ ጸበል ይሂድ ይላሉ፣ እሱ ሆስፒታል ይላል። እኔ ሁለቱንም ፈራሁ። አንዱ ጋ እማማን ያገኟታል፣ አንዱ ጋ ደግሞ... እ... ምን እንደሚያገኙ እንጃ። ነገ በጠዋት ሆስፒታል ሊሆን ተስማማን።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ እነግረዋለሁ።

የመረመረው ዶክተር ኢዮብ የሚባል ልጅ እግር ነው። ፋሻውን ፈትቶ ቁስሉን አየ፣ ድዱን አየ፣ ጭኑን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ፀጉር በባትሪ ሲመለከት ቆየ። እያንዳንዷ ፀጉር እንደ ሞላ ሽቦ ተጠማዛለች። እኔ ያጠብኩት እግር ነው፣ አላየሁትም።

«ምንድነው የሚበሉት?» አለኝ።

«ዳቦ በሻይ። አጥሚት። አንዳንዴ ነጭ ፓስታ።»

«ቃሪያ? ቲማቲም? ሎሚ?»

«ጨጓራ ስላለው ከልክዬዋለሁ።»

«ጎመን? ድንች?»

«ይነፋዋል ብዬ...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

ቃሪያና ሎሚ ይቅርበት ያሉኝ የሰፈራችን ክሊኒክ ሰዎች ናቸው፣ እሱንም ለጥቂት ጊዜ። ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ቲማቲሙን ክልከላው ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሲጠነቀቁ አይጎዳም ብዬ። እዚያው ቆሜ፣ በስብሰባው ያልኩትን ሰማሁት፤ ከቃሪያው፣ ከጎመኑ፣ ከቲማቲሙ፣ ከድንቹ። አንድ በአንድ ከአባቴ ሰሃን ያነሳሁትን ነበር የቆጠርኩላቸው። እነሱም ጎበዝ አሉኝ።

«በመጽሐፍ ነው የማውቀው፣ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለ ዶክተሩ። «የቫይታሚን ሲ ማጣት ነው። ድሮ ባሕር ላይ ወራት የሚቆዩ መርከበኞችን ነበር የሚገድለው። ድዱ የሚደማው፣ ሰውነቱ የሚበልዘው ከሱ ነው።»

«ጠባሳውስ? ያ እኮ የድሮ ነው።»

«ሰውነት የድሮ ቁስልን አንዴ ሰፍቶ አይተወውም እህቴ። በየቀኑ ይሰፋዋል። ክሩ ሲያልቅበት የተሰፋው ይፈታል።»

«ዶክተር» አለ አባባ፣ «ብርቱካን ይሸተኛል።»

«ልክ ነዎት አባቴ፣ ሰውነትዎ እየለመነ ነው። አንዳንዴ የሌለ ነገር ይሸታል።»

«የለም፣ አለ። ቤት አለ። ሦስት ነበሩ። አንዷ ሄደች፣ አንዷን ቄሱ በሉ። አንዷ አለች።»

ቶለሳ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ነገርኩት። የአቶ ዘርዓብሩክን እናት፣ የንስሐ አባታችንን፣ ቁልፉን። ያልጠየቀኝንም ነገርኩት።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ ኪኒን ጻፈልን፣ አሁኑኑ ይጀምር፣ ብዙ ሳይቆይ ለውጥ ታያላችሁ አለ። ትንሽ ብትዘገዩ ልቡን ነበር የሚይዘው ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቤት እንደገባን ቡፌውን ከፈትኩ። ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ያለው ብርቱካን ግማሹ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ስር ስሩ ቀልጦ እንጨቱ ላይ ተጣብቋል። ሽታው ፊቴን መታኝ። ያው ነው፤ ጣፋጭ፣ ከበድ ያለ፣ የአፈር። «እማዬ» ያልኩት እሱን ነው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ተነስቶ ተቀመጠ! ድዱ አይደማም። አዋሽ እየተዘጋ ነው፣ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሃል። ድንች ቅቅል በሎሚ ጭማቂ፣ ጎመን፣ ቃሪያ በደቃቁ። ጨጓራው አንድ ቀን እንኳን አላማረረም፤ ይሄ ነው የሚያበግነኝ።

ሪፖርቱ ላይ «አማካይ ቁጥሩ ጥርስ የሌላቸውን፣ ዳቦ በሻይ ብቻ የሚበሉ አረጋውያንን አያሳይም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። አቶ ዘርዓብሩክ በቀይ አሰመሩበት። «ማስረጃሽ የታለ?» አሉኝ። አባቴ ነው አልኳቸው። «ሪፖርት ውስጥ አባት አይገባም ሙሉ» አሉኝ። እናታቸው ድነው ወጥተዋል። ብርቱካኑን ከትራስ ስር ሳይበሉት ለሌላ ሕመምተኛ መርቀው ሰጡት አሉ። ዞሮ ዞሮ ማንም አልበላውም ይሆናል።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

አባባ በዱላ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። እልል ልል ስል ፊቱን አየሁት።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«አሁን አይሸተኝም» አለኝ።

«እሰይ! ድነሃላ።»

«ማታ ማታ እዚያ ትቆም ነበር» አለ ወደ ቡፌው በአገጩ እየጠቆመ። «ምንም አትልም። እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ትናንትም ጠበቅኩ፣ አልመጣችም።»

ቫይታሚን ነው፣ ጭንቅላትህ ሲደክም ነው ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አባቴን አዳንኩት፣ ሚስቱን ግን ሁለተኛ ቀበርኩበት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ቶለሳ ለአውዳመት መጣ። ከነሐሴ ወዲህ ከኔ ጋር በደንብ አያወራም፤ ዛሬ ጉንጬን ስሞ አንድ ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔ ደግሞ በቀጥታ አባባ መዳፍ ላይ።

በቢላ አልላጠውም። በአውራ ጣቱ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እንደ ገራዥነቱ ዘመን። ለቶለሳ ሰጠው፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እትዬ ደብሪቱን «ኧረ እኔ ይቅርብኝ» እያሉ በግድ አጎረሳቸው፣ ራሱም በላ። ከዚያ ትልቁን ፍልቃቂ መርጦ «የቦሰናን ሰሃን አምጪልኝ» አለኝ። ከቡፌው አወጣሁለት። መሃሉ ላይ አስቀመጠው።

«ያንንም ብላው እንጂ አባባ» አልኩት።

«ይሄ ለእንግዳ ነው» አለኝ።

ማናችንም ወደ ቡፌው ቀና አላልንም።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ጠዋት ሰሃኑ ላይ ፍልቃቂው የለም። ሁለት ዘሮች አሉ፣ እርጥብ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ።

አባባ ነው ብዬ አፉን አሸተትኩ፤ ሻይ ነው የሚሸተው፣ ዱላውም ትናንት እኔ ያቆምኩበት ጥግ ነው። ቶለሳ ጎህ ሳይቀድ ሄዷል፣ ሲወጣ ፍልቃቂው ሰሃኑ ላይ ነበር ይለኛል በስልክ። አይጥ ነው አልኩ። ክረምቱን ሙሉ አይጥ አላጣንም።

አይጥ ግን ዘር አይተፋም።

ዘሮቹን በቆርቆሮ አፈር ተከልኳቸው። ሰሃኑን አጥቤ ቡፌው ውስጥ መለስኩ። ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ በቡፌው በር ላይ ተውኩት።